ለ6ኛ ክፍል ተማሪ የመጀመሪያ ላፕቶፕ፦ ርካሹ አዲስ ወይስ ጠንካራው ያገለገለ?

ጥያቄ፦ «ልጄ 12 ዓመቷ ነው፣ 6ኛ ክፍል ናት። አራት ኪሎ አካባቢ እንኖራለን። ዓመት ሙሉ ባጠራቀምኩት ገንዘብ የመጀመሪያዋን ላፕቶፕ ልገዛላት ነው። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ሱቅ ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ ላፕቶፕ አሳዩኝ፤ ሴለሮን ኤን 4020 ይላል፣ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ማስቀመጫ አለው። ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ሌላ ሱቅ ደግሞ በዚያው ዋጋ ያገለገለ ዴል ኮር አይ ሰባት አቀረበልኝ፤ ከስሙ ቀጥሎ 4600 የሚል ቁጥር አለው። ወንድሜ ያገለገለ ዕቃ ለልጅ አይገዛም ይላል። ልጄ አይ ሰባቱን ወድዳዋለች። የትኛውን ልውሰድ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ሁለቱንም አይውሰዱ። በያዙት ገንዘብ ከሁለቱም የሚሻል ዕቃ እዚያው አካባቢ ያገኛሉ። ላፕቶፕ ስጠግን 16 ዓመት ሆኖኛል፤ ወደ ጠረጴዛዬ ከሚመጡት የተማሪ ላፕቶፖች ብዙዎቹ የተበላሹ አይደሉም፣ ሲገዙ ጀምሮ የማይሆኑ ነበሩ። ስለዚህ ገንዘቡ ከእጅዎ ሳይወጣ መጠየቅዎ በጣም አስደስቶኛል።

ከአዲሱ ልጀምር። ካርቶኑ አለመከፈቱ ማንም እንዳልነካው ይነግርዎታል እንጂ ለሥራ መብቃቱን አይነግርዎትም። በዚህ ደረጃ ያሉ ርካሽ ላፕቶፖች ላይ ራሙ (ላፕቶፑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማኅደር) አብዛኛውን ጊዜ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ተበይዶ ነው የሚመጣው፤ ነገ ገንዘብ ቢያገኙ እንኳ 4 ጊጋውን 8 ማድረግ አይቻልም። 64 ጊጋ የተባለው ማስቀመጫም ፈጣኑ ኤስኤስዲ ሳይሆን ኢኤምኤምሲ የሚባለው፣ በስልክና በታብሌት ውስጥ የምናውቀው ዓይነት ሲሆን እርሱም የተበየደ ነው። ዊንዶውስ ብቻውን ከዚህ ቦታ ግማሽ ያህሉን ይይዛል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ዝማኔ ሲመጣ «ቦታ የለም» የሚለው መልእክት ይጀምራል። 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ማስቀመጫ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ያስቀመጠው የመጨረሻው ዝቅተኛ መነሻ ነው፤ ማለትም ለመነሣት የሚበቃ ነው፣ ለመሥራት ግን አይበቃም።

ልጅዎ የመማሪያ መጽሐፏን በፒዲኤፍ ከፍታ፣ ከጎኑ ማስታወሻ እየጻፈች፣ አንድ ሁለት ገጽ ኢንተርኔት ስትከፍት ይህ ዕቃ ይቆማል። እርሷም ትጠብቃለች፣ ደጋግማ ትጫናለች፣ ጭራሽ ይብሳል። እኔን የሚያሳስበኝ የጠፋው ደቂቃ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያ ኮምፒውተሩ የሚንቀራፈፍ ልጅ ጥፋቱ የማሽኑ መሆኑን አያውቅም፤ «ኮምፒውተር አይገባኝም» ብሎ ነው የሚደመድመው። ይህን ከልጆች አፍ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፣ በሰማሁ ቁጥርም ያመኛል።

አሁን ወደ አይ ሰባቱ። ኮር አይ ሰባት፣ እንደ ሴለሮን ሁሉ፣ የፕሮሰሰር (የላፕቶፑ አንጎል) ስም ነው፤ ገበያ ላይ የዋለው ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ በውስጡ ያለው ዕቃ በየዓመቱ ይለያያል። ዋናው ቁም ነገር ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። 4600 በ4 ይጀምራል፤ ሻጮች ጀነሬሽን የሚሉት፣ 4ኛው ትውልድ ማለት ነው። የወጣው በ2013 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከልጅዎ ጋር እኩያ ያህል ነው። ሁለት ኮር (ሥራውን የሚሠራ ክፍል) ብቻ አለው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ኮር አይ አምስት 8250 ደግሞ 8ኛ ትውልድ ሲሆን አራት ኮር አለው። አምስት የተባለው ሰባት ከተባለው በግልጽ ይበልጣል። ለልጅዎ ይህን ያስረዷት፤ የ12 ዓመት ልጅ ቁጥር ማንበብ ስለምትወድ ከዚያ በኋላ በየሱቁ እየዞረች ትውልዱን የምትነግርዎት እርሷ ትሆናለች። ቁጥሩ በ8 ወይም በ9 ሲጀምር 8ኛና 9ኛ ትውልድ ነው፤ በ10፣ በ11፣ በ12 ሲጀምር ደግሞ እንደዚያው ነው።

ከ8ኛ ትውልድ በታች አይግዙ፤ ይህን መለያ መስመር ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ጥቂት ሞዴሎች ካልሆኑ በስተቀር ከ8ኛ ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። ሻጩ ግን ያን 4600 ሲከፍትልዎት ዊንዶውስ 11 ሊያዩ ይችላሉ። አይታለሉ፤ የመፈተሻውን ደረጃ ዘልሎ መጫን የሚቻልበት መንገድ አለ፣ በየሱቁም ይሠራበታል። እንዲህ የተጫነ ዊንዶውስ ለጊዜው ይሠራል፤ ወደፊት ግን ዝማኔ እንደሚደርሰው ማይክሮሶፍት ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ የሚያዩት የዊንዶውስ ገጽታ ማስረጃ አይደለም፤ ማስረጃው የፕሮሰሰሩ ቁጥር ነው።

ታዲያ ምን ይግዙ? በ2018 እ.ኤ.አ. ገደማ ለመሥሪያ ቤት ተብለው ከተሠሩት አንዱን ይፈልጉ፦ ዴል ላቲቲዩድ 5490 ወይም 7490፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ 5፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ 480። ከእነዚህ በኋላ የወጡ ታናናሾቻቸውን በአቅምዎ ካገኙ ደግሞ የተሻለ ነው። ኮር አይ አምስት ይበቃል። 8 ጊጋ ራምና 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ይኑረው። ከዚህ በታች አይውረዱ፤ ለ6ኛ ክፍል ልጅ ከዚህ በላይ መክፈልም አያስፈልግም።

ለወንድምዎ ደግሞ እንዲህ ይበሉልኝ። ፍርሃቱ ትክክል ነው፣ ያገለገለ ዕቃ ብዙ ሰው አስለቅሷል። ነገር ግን እነዚህ ላፕቶፖች ለቤት ከሚሸጡት ርካሾች በአሠራር ይለያሉ። ትልልቅ ድርጅቶች በውጭ አገር ሦስት አራት ዓመት ይጠቀሙባቸውና በጅምላ ይቀይሯቸዋል፤ ዱባይን በመሳሰሉ ገበያዎች በኩልም ወደ እኛ ይደርሳሉ። ሲሠሩ ጀምሮ እንዲጠገኑ ታስበው ነው የተሠሩት፦ የታችኛው ክዳን በጥቂት ቡሎን ይከፈታል፤ ራሙ፣ ኤስኤስዲው፣ ባትሪውና ኪቦርዱ ይቀየራሉ። በሦስቱም የዴልና የኤችፒ ሞዴሎች፣ በቲ 480ውም ጭምር፣ ሁለት የራም ማስገቢያ አለ። ልጅዎ 10ኛ ክፍል ስትደርስ 8 ጊጋውን 16 ማድረግ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የአዲሱ ሴለሮን ራምና ማስቀመጫ ግን አንድ ቀን ቢበላሹ ብዙውን ጊዜ አይቀየሩም። በክፍል መካከል በቦርሳ ለሚንገላታ፣ ከዴስክ ላይ ለሚወድቅ ዕቃ ደግሞ የእነዚህ መታጠፊያና አካል እጅግ የተሻለ ነው።

ያገለገለ የሚገዛው ግን ተፈትሾ ነው። ፍተሻው ባለሙያ አይፈልግም፣ አንድ ሰዓት ጊዜና ያልቸኮለ ልብ ይፈልጋል። ጠዋት ይሂዱ፤ ሲመሽ ሁሉም ይቸኩላል፣ መብራትም ሊጠፋ ይችላል። ልጅዎን ይዘዋት ይሂዱ። «አሁን ፎርማት ተደርጎ ያለቀ ነው፣ መክፈት አያስፈልግም» የሚል ሻጭ ጋር አይቆዩ። ማየት ከተከለከሉ የሚታይ ችግር አለ ማለት ነው።

መጀመሪያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ሦስት ቁልፎች አብረው ይጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ ፐርፎርማንስ የሚለውን ሲነኩ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስምና ቁጥር፣ የራሙን መጠን፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን አሮጌው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በዚያው ገጽ ላይ ያገኛሉ። ክዳኑ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ሊቀየር ይችላል፤ ይህ ገጽ ግን የሚያሳየው ማሽኑ ራሱ የሚያነበውን ነው። ቀጥሎ ልጅዎ ባዶ ገጽ ከፍታ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ትጫን። የላይኛው የፊደላት ረድፍ በኪውና በደብልዩ መጀመሩን ይዩ፤ በኤና በዜድ ከጀመረ ለፈረንሳይኛ ተጠቃሚ የተሠራ ነው፣ መጻፍ ለሚጀምር ልጅም ያደናግራል። ስክሪኑ ላይ ነጭ ገጽ ከፍተው ጥላ ወይም ቀለም የለቀቀ ቦታ እንዳለ ይመልከቱ። የስክሪኑ ጥራት 1920 በ1080 ይሁን፤ 1366 በ768 የሆነው ርካሽ ነው፣ ፒዲኤፍ መጽሐፍ ለማንበብ ግን ፊደሉ ይፈረካከሳል። ካሜራውን፣ ድምፁን፣ ዋይፋዩንና እያንዳንዱን የፍላሽ ማስገቢያ ይሞክሩ።

ላፕቶፑን ከጎን አድርገው በዓይንዎ ደረጃ ይዩት። ታችፓዱ ወደ ላይ ከተነሣ ወይም የታችኛው ክዳን ካበጠ ባትሪው አብጧል ማለት ነው፤ ቅናሽ ቢያደርጉልዎትም አይውሰዱት፣ ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ያላበጠውንም በሻጩ ቃል አይመኑ። ዊንዶውስ በአንድ ትዕዛዝ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ እንዲያወጡልዎት ይጠይቁ። በሪፖርቱ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይፈልጉ፦ ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅምና ዛሬ ሙሉ ሲሞላ የሚይዘው። ለምሳሌ 60,000 ሚሊዋት ሰዓት የነበረው ዛሬ 42,000 ከያዘ 70 በመቶው ቀርቶታል፤ ይህ ደህና ነው። ግማሹ ካለቀ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከላፕቶፑ ዋጋ ላይ ይቀነስልኝ ብለው ይደራደሩ፣ መብትዎ ነው። ቲንክፓድ ቲ 480 ሁለት ባትሪ ስላለው የሁለቱንም ቁጥር ይዩ። ለአዲስ አበባ ቤት ባትሪ ቅንጦት አይደለም፤ የቤት ሥራው ሊያልቅ አንድ ገጽ ሲቀረው መብራት ቢጠፋ ሥራውን የሚያድነው እርሱ ነው።

አሁን የምነግርዎት ከሁሉም የሚበልጠውን ነው፤ በራሴ ቤተሰብ ደርሷል። የእኅቴ ልጅ እኔ ከከተማ ወጥቼ በነበረበት ሳምንት ላፕቶፕ ገዛ። ሞዴሉ ጥሩ፣ ባትሪው ጥሩ፣ ዋጋውም ጥሩ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ቫይረስ ገብቶበት ፎርማት ሳደርገው፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ የአንድ የውጭ ድርጅት ስም መጣና የሠራተኛ ኢሜይል ጠየቀ። ድርጅቱ ላፕቶፑን ሲሸጥ ከመዝገቡ አላወጣውም። ሻጩ «እኔ ስሸጥልህ ይሠራ ነበር» አለ። ልጁ ለፈተና በሚዘጋጅበት ወር ያለ ኮምፒውተር ቆየ። እኔ እያለሁ እንዲህ መሆኑ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የሚያሳዝነው፣ አስቀድሞ ማወቅ ይቻል ነበር። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ዊንዶውሱን እፊትዎ ከመጀመሪያው ይጫነው፤ ኢንተርኔት ሲጠይቅ በስልክዎ ዳታ ያገናኙትና እስከ መጨረሻው ይሂዱ። የማንም ድርጅት ስም ካልመጣ ከዚህ ወጥመድ ተርፈዋል።

ሁለተኛው ወጥመድ ባዮስ (ላፕቶፑ ሲነሣ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው መነሻ ፕሮግራም) ላይ ያለ የይለፍ ቃል ነው። ላፕቶፑ ሲነሣ በዴል ኤፍ 2፣ በኤችፒ ኤፍ 10፣ በቲንክፓድ ኤፍ 1 ደጋግመው ይጫኑ። የይለፍ ቃል ከጠየቀ ይተዉት። በእነዚህ ሞዴሎች ላይ ይህን ቃል ማስፈታት ቀላል አይደለም፣ አንዳንድ ጊዜ ማዘርቦርድ እስከ መቀየር ያደርሳል።

ቻርጀሩንም ይመልከቱ። ዋናው ቻርጀር ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ አለ፤ ስለዚህ ከአሜሪካም ይምጣ ከአውሮፓ ለእኛ 220 ቮልት ይሆናል፣ ትራንስፎርመር አያስፈልገውም። ችግሩ ሶኬቱ ላይ ነው። ከዱባይ የሚመጡት ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጣት ናቸው፤ በላላ አዳፕተር ሲሰኩ ይፈነጥቃሉ፣ ይግላሉ። ገመዱን ብቻ በእኛ ሶኬት ልክ በሆነ መቀየር ይቻላል፣ ርካሽም ነው። ዴል ደግሞ ቻርጀሩ የራሱ መሆኑን ያውቃል፤ ባዕድ ቻርጀር ሲያገኝ ያስጠነቅቃል፣ ባትሪውን ላይሞላና ፍጥነቱን ሊቀንስ ይችላል። ሱቅ ውስጥ ሰክተው ባትሪው እየሞላ መሆኑን ይዩ። እቤት ደግሞ መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከዲቫይደሩ ነቅለው፣ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው መሰካት ልማድ ይሁን፤ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ የሚቃጠለው መብራት ተመልሶ በሚመጣበት ቅጽበት ነው።

ስለ ሌሎች አማራጮች ባጭሩ። ከውጭ አገር ትምህርት ቤቶች የወጡ ያገለገሉ ክሮምቡኮች (በዊንዶውስ ፋንታ በጉግል ክሮም ኦኤስ የሚሠሩ ላፕቶፖች) በርካሽ ይገኛሉ፤ ብዙዎቹ አሁንም በትምህርት ቤቱ ቁጥጥር ሥር የተመዘገቡ ናቸው፣ ቢጠፋና ቢጸዳም ተመልሶ ይቆለፋል። ያልተቆለፈውም ቢሆን ዝማኔ የሚያቋርጥበት ቀን ከሞዴሉ ጋር ተወስኖ የተቀመጠ ነው። ኢንተርኔት ሁልጊዜ በሌለበት ቤት ለመጀመሪያ ላፕቶፕነት አልመክረውም። አሮጌ ማክቡክ ጥገናው ውድ ነው። የጌም ላፕቶፕ ከባድ ነው፣ ባትሪውም አይቆይም፤ ልጅዎ በትከሻዋ የምትሸከመው ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙ ባይበልጥ ይሻላል።

የብር ቁጥር ያልጻፍኩት አውቄ ነው። የውጭ ምንዛሪ አሠራሩ ከተለወጠበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮምፒውተር ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል፤ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ነገ ያሳስትዎታል። በዚህ ፋንታ አንድ ሞዴል መርጠው ሦስት ሱቅ ይጠይቁ። ከያዙት ገንዘብ አንድ አሥረኛውን ለይተው ያስቀምጡ፤ ለቦርሳ፣ ለሶኬት ገመድ፣ ምናልባትም ለባትሪ ይሆናል። ደረሰኝ ይቀበሉ። ዋስትናው በጽሑፍ ይሁን፣ የላፕቶፑ መለያ ቁጥርም ይጻፍበት፤ የቃል ዋስትና ሻጩ ፈረቃ ሲቀይር ይረሳል።

እቤት ሲደርሱ የመጀመሪያውን አካውንት በራስዎ ስም ይክፈቱ፣ ለልጅዎ ደግሞ ፕሮግራም የመጫን ሥልጣን የሌለው ሁለተኛ አካውንት። ይህ ብቻ ብዙ ቫይረስ ያስቀራል ብል በልምዴ ማጋነን አይሆንም። በስልክ ዳታ የምትጠቀሙ ከሆነ የዋይፋዩ ማስተካከያ ውስጥ ገብተው ግንኙነቱን ሚተርድ (ዳታው የተቆጠረ) ያድርጉት፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ በአንድ ሌሊት ጥቅሉን ሊጨርሰው ይችላል። ላፕቶፑ የሚቀመጠው ሳሎን ይሁን። ስልክ እጅዋ ላይ ይኖራል፣ ማየትና መስማት በእርሱም ይቻላል፤ ላፕቶፑ ግን እንድትሠራበት ነውና የምትሠራውን እርስዎ ቢያዩላት ደስ ይላታል።

ስለ ምን እንደምትሠራበት ደግሞ ሁለት ነገር ልበል። ስክራች የሚባለው ልጆች ቁርጥራጮችን እየገጣጠሙ ፕሮግራም የሚሠሩበት ነጻ መተግበሪያ ነው፤ አንድ ጊዜ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ቋንቋውንም አማርኛ ማድረግ ይቻላል። ለ12 ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም። ሌላው በአማርኛ መጻፍ ነው። ይህ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚግባቡበት የፊደል ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፣ ኤብሪማ የተባለው ፎንቱም ፊደላችንን ይዟል። ሆኖም በእንግሊዝኛ ፈጥነው የሚጽፉ፣ አማርኛ ሲሆን ግን በእጅ ጽፈው ፎቶ የሚያነሱ ልጆች በየቀኑ አያለሁ። ከቋንቋ ማስተካከያው አማርኛን ጨምረው በቀን አሥር ደቂቃ ትለማመድ። በአሮጌዎቹ ዩኒኮድ ያልሆኑ ፎንቶች ግን አትጀምር፤ በእነርሱ የተጻፈ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል።

አይ ሰባቱን መውደዷን አልረሳሁም። ሱቁ ውስጥ ያን ማሽንና አንዱን 8ኛ ትውልድ አይ አምስት ጎን ለጎን ያስከፍቱና በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ፒዲኤፍ ከፍታ ገጹን ታገላብጥ፤ ከእርስዎ ምክር ይልቅ ጣቷ ያሳምናታል። የወደዱትን ካገኙ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር፣ የራሙንና የዲስኩን መጠን፣ የባትሪ ሪፖርቱን ሁለት ቁጥሮች ጽፈው ይላኩልኝ፤ ከመክፈልዎ በፊት አይቼ እመልስልዎታለሁ።